«ስንት ደቂቃ ቆየ?»
ስለ ሚጥል በሽታና ስለ አንጎል ሕዋሳት መሞት

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ቡናው በየማሳው በሚለቀምበት ወራት፣ እኛ ሦስት ተማሪዎች ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፍረን ነበር። በኋላው ወንበር ላይ ከለቀማ የሚመለስ አንድ ወጣት ተቀምጧል። የቡን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ወጣቱ በድንገት ጮኸ፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ከወንበሩ ወደቀ፤ ወዲያውም እጁና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረዳቱ መኪናውን አስቆመ። «ክብሪት! ክብሪት ያላችሁ!» ተባለ። አንዱ ተሳፋሪ ክብሪት እየጫረ ጢሱን በአፍንጫው ሥር ያዘለት፤ ሌላው በጥርሱ መካከል ማንኪያ ለማስገባት ታገለ፤ አንዲት እናት ደግሞ «ልጆቼ፣ አትንኩት፤ ለሐጩ ይተላለፋል» እያሉ በአጠገባቸው የነበሩትን ሕፃናት ወደ ኋላ ሳቡ። «ጠብቁት፣ ራሱ ይተወዋል» የሚሉም ነበሩ። ከመካከላችን አንዱ ሕክምና ለሚያጠና ጓደኛው ስልክ ደወለ፤ ስልኩ ሳይነሣ ቀረ። ብንጠብቅም አልተወውም። ሾፌሩ በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥቶ በመንገዳችን ወዳለው ጤና ጣቢያ አደረሰን።

ተረኛው የጤና መኮንን ወጣቱን በጎኑ አስተኝቶ መርፌ እያዘጋጀ ፊቱን ወደ እኛ መለሰና «ስንት ደቂቃ ቆየ?» አለን። ከመኪናው የወረድነው ዐሥራ አራት ሰዎች ነበርን። አንዱ «አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው» አለ፤ ሌላው «ኧረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል» አለ፤ እናቲቱ «ከዙሁር አዛን በኋላ ነው» አሉ። በኪሳችን ሁሉ ሰዓት የሚያሳይ ስልክ ነበር፤ የተመለከተው ግን አንድም ሰው የለም። የመጀመሪያው የዲያዜፓም መርፌ መንቀጥቀጡን አላቆመውም፤ ሁለተኛው አቆመው። ወጣቱ ነቅቶ መናገር ከቻለ በኋላ እንደተረዳነው፣ ለዓመታት ይወስደው የነበረውን ፌኖባርቢታል ለለቀማው ከቤቱ ከራቀ ወዲህ አቋርጦት ኖሯል።

ወደ ግቢ ስንመለስ እርስ በርሳችን የተጠያየቅነው ይህን ነው፤ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዘመዶቹ፣ ስለ ሌላው ነገር ሳይጠይቅ ለምን አስቀድሞ ስለ ደቂቃው ጠየቀ? መልሱን ፍለጋ መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር ከሰው ሕክምና ይልቅ በብዛት በዐይጥና በዝንጀሮ ላይ ከተደረገ ምርመራ የመጣ ሆነ። የባዮሎጂ ተማሪ ያልሆነውም ወንድማችንና እኅታችን እንዲረዳው አድርገን ለማቅረብ እንሞክራለን።

ስለ በሽታው በጥቂቱ

በአማርኛ የሚጥል በሽታ፣ በአካባቢያችን ኦሮምኛ ገገብዶ የሚባለው ሕመም መነሻው አንጎል ነው። የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክትና በኬሚካል አማካይነት ነው። ከኬሚካሎቹ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። አንደኛው ግሉታሜት ነው፤ ይህ ጎረቤት ሕዋስን የሚቀሰቅስ ነው። ሁለተኛው ጋባ ይባላል፤ ይህኛው የሚገታ ነው። የሁለቱ ሚዛን ሲዛባ እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ምልክት ይሰዳሉ፤ ሰውየውም ይወድቃል። ከለሐጭ የሚተላለፍ ነገር በዚህ ውስጥ የለም። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የራስ ምት፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባና ሌላም ብዙ ነገር መነሻ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ ግን መነሻው ሳይታወቅ ይቀራል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ጓደኞቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን አጥንተው በ1990 ባወጡት ጽሑፍ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ማግኘታቸውን ገልጸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህም ከሺህ ሰው ከአምስት በላይ ማለት ነው። ከነዚህም ውስጥ የታወቀውን የሕክምና መድኃኒት ሲወስዱ የተገኙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ቡታጅራ ጅማ አይደለም፤ ነገር ግን ይኸው ስሌት በኛም አገር ቢሠራ፣ በገበያ ቀን አንድ ሺህ ሰው በቆመበት የአጋሮ አደባባይ አምስት ያህሉ ይህን ሕመም በጉያቸው ደብቀው የቆሙ ናቸው ማለት ነው።

አብዛኛው መውደቅ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ራሱን በራሱ ያቆማል። «ጠብቁት፣ ይተወዋል» የሚለው የተሳፋሪዎቹ ምክርም ከዚህ ልምድ የመጣ ስለሆነ ፈጽሞ የሞኝ ምክር አይደለም። ችግሩ ሳያቆም በሚቀረው ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር በ2015 ባወጣው ድንጋጌ መላ ሰውነትን ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ሁለት ወሰኖች አስቀምጧል። 5 ደቂቃ ካለፈ ራሱን በራሱ ማቆሙ ያጠራጥራልና ሕክምና መጀመር አለበት፤ 30 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በአንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሠላሳ የሚለው ቁጥር የመጣው በአብዛኛው ከእንስሳት ነው።

ዝንጀሮዎቹ የመሰከሩት

ነገሩ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ዊልሄልም ሶመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1880 የሚጥል በሽታ የነበረባቸውን ሰዎች አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምሮ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ሲያስተያይ፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ውስጥ በአንድ የተወሰነ ቦታ የነርቭ ሕዋሳት ጠፍተው እንደሚገኙ አስተዋለ። ሂፖካምፐስ በጆሮ ግንድ ትይዩ ወደ ውስጥ የተቀመጠ፣ ስሙን ከባሕር ፈረስ ቅርጽ ያገኘ፣ አዲስ ነገር ለማስታወስ የምንጠቀምበት የአንጎል ክፍል ነው። ማባዣችን ሥዕል አጥርቶ ስለማያወጣ አንባቢ በሐሳቡ ይሣለው፤ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ነው።

ሶመር ያየው ነገር ለብዙ ጊዜ ክርክር አስነሣ። ሕዋሳቱ የሞቱት በሽታው ስለጣለው ነው? ወይስ ሕዋሳቱ አስቀድመው ስለሞቱ ነው በሽታው የመጣው? በመንቀጥቀጡ ነው ቢባል እንኳ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ በደሙ ያለው ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ ሕዋሳቱን የገደላቸው የአየር እጥረት ነው እንጂ የአንጎሉ ሥራ አይደለም የሚል ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ ጸንቶ ቆየ። ይህ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ የሕክምናው መንገድ ቀላል ነበር፤ አየር መስጠትና መጠበቅ ብቻ።

ብራያን ሜልድረም የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1973 ያወጣቸው ጽሑፎች ይህን ክርክር ለሁለት ከፈሉት። በመጀመሪያ ለዝንጀሮዎች ጋባን የሚያግድ ቢኩኩሊን የተባለ ቅመም በደም ሥር ሰጥተው ለረጅም ጊዜ አንቀጠቀጧቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እስከ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ የቆየባቸው ነበሩ። የዝንጀሮዎቹ አንጎል ሲታይ በሂፖካምፐስ፣ በአንጎል ቅርፊትና በትንሹ አንጎል የሞቱ ሕዋሳት ተገኙ። ቀጥለው ግን ብልሃት ጨመሩበት። ሌሎች ዝንጀሮዎችን ጡንቻ በሚያሰንፍ መድኃኒት ሰውነታቸው እንዳይንቀጠቀጥ አደረጉ፤ በመሣሪያ አየር ሰጧቸው፤ ትኩሳታቸውንና የደማቸውን ሁኔታ ጠበቁላቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው እንስሳው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። በአንጎሉ ውስጥ ግን የኤሌክትሪኩ ማዕበል ቀጥሏል። ውጤቱም ጉዳቱ ቀነሰ፣ ትንሹ አንጎልም በአብዛኛው ተረፈ፤ ነገር ግን በሂፖካምፐስና በቅርፊቱ ሕዋሳት አሁንም ሞተው ተገኙ።

እኛ ይህን ስናነብ ጥቂት ቆም ብለን ተነጋገርንበት። የአየር እጥረትና ትኩሳት ጉዳቱን ያባብሱታል፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን አየሩ ሞልቶ፣ ስኳሩ ሞልቶ፣ ሰውነቱም ጸጥ ብሎ ሳለ ሕዋሱ ከሞተ፣ የገደለው ራሱ የገዛ ሥራው ነው። በ1983 ሮበርት ስሎቪተር የተባለው አሜሪካዊ ይህንኑ በሌላ መንገድ አጠናከረው። ዐይጦችን አደንዝዞ፣ ምንም ዓይነት መርዝ ሳይሰጥ፣ ወደ ሂፖካምፐስ የሚገባውን የነርቭ መንገድ በኤሌክትሪክ እየነካካ ለ24 ሰዓት ቀሰቀሰው። እዚያው መንገዱ በሚያርፍበት ቦታ ሕዋሳቱ ሞቱ።

በእንስሳት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን በዚህ ገጽ አንወስንም፤ ከሦስታችን አንዷ ስለ ዝንጀሮዎቹ ካነበበች በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጉዳዩ መናገር አልፈለገችም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ግን ሆን ብሎ አንድ ሰዓት አንቀጥቅጦ ማየት የማይቻል ስለሆነ፣ የምናውቀው ነገር ሁሉ በነዚያ እንስሳት የተገዛ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ ተገቢ አልመሰለንም።

የባሕር ሣርና ጓያ

በጃፓን አገር የወስፋት መድኃኒት ተደርጎ ሲወሰድ የኖረ አንድ የባሕር ሣር አለ፤ ለእኛ ኮሶ እንደሆነው ማለት ነው። የጃፓን ኬሚስቶች በ1953 ከዚህ ሣር ውስጥ ትሉን የሚያሸንፈውን ቅመም ለይተው አወጡና ካይኒክ አሲድ አሉት። ቅመሙ በአሠራሩ ግሉታሜትን ይመስላል፤ ነገር ግን ከግሉታሜት ይልቅ እጅግ ብርቱ ነው። በ1978 ናድለርና ጓደኞቹ ይህን ቅመም በጥቂቱ ወደ ዐይጥ አንጎል ቢያስገቡት፣ ዐይጡ ከመንቀጥቀጡም በላይ በሂፖካምፐስ ውስጥ የሞቱት ሕዋሳት ሶመር ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በሰው አንጎል ካየው ጋር የሚመሳሰሉ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ካይኒክ አሲድ በየአገሩ ላቦራቶሪ የሚጥል በሽታን በዐይጥ ላይ ለመፍጠር የሚያገለግል ዋና መሣሪያ ሆነ።

ይህ ነገር በዐይጥ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1987 መጨረሻ በካናዳ ከአንድ ደሴት አካባቢ የመጣ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ምግብ የበሉ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ። በምግቡ ውስጥ የተገኘው ዶሞይክ አሲድ የሚባለው የካይኒክ አሲድ ዘመድ ነበር። አንዳንዶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ከዳኑትም ውስጥ አዲስ ነገር ማስታወስ የተሳናቸው ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ለሳምንታት በሕመሙ ተይዘው ከቆዩ በኋላ ተሻላቸው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የሚጥል በሽታ ጀመራቸው። በሞቱ ጊዜ ሂፖካምፐሳቸው ቢመረመር በቀኝም በግራም ሕዋሳቱ ጠፍተው ተገኙ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የደምቢያና የፎገራ ሰው ጓያን ያውቃል። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ ይበቅላል፤ ለረጅም ጊዜ ጓያ ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ይተሳሰርና በዱላ የሚሄድ ይሆናል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስለዚህ ሽባነት በአገራችን ሐኪሞች ብዙ ተጽፏል። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ኦዳፕ ይባላል፤ እርሱም ልክ እንደ ካይኒክ አሲድ ግሉታሜትን መስሎ የነርቭ ሕዋስን ከልክ በላይ የሚቀሰቅስ ነው። የሚጎዳው ቦታ ይለያያል፤ ጓያ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች እንጂ ሂፖካምፐስን አያጠቃም፤ የሚጥል በሽታም አያመጣም። የአገዳደሉ መንገድ ግን ዘመድ ነው። ጆን ኦልኒ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከ1969 ጀምሮ ባደረጋቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ለዚህ ዓይነቱ አሟሟት ስም አወጣለት፤ በአማርኛ «ከመቀስቀስ ብዛት መመረዝ» ብንለው ያስኬዳል።

አገዳደሉ እንዲህ ነው። በሕዋሱ ቆዳ ላይ ግሉታሜት ሲነካቸው የሚከፈቱ በሮች አሉ። ከነሱ አንዱ ኤን ኤም ዲ ኤ የሚባለው በር በሰላም ጊዜ በማግኒዚየም ተደፍኗል። ሕዋሱ አጥብቆ ሲቀሰቀስ ማግኒዚየሙ ይነሣና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ካልሲየም ጠቃሚ ነው፤ ትምህርት የምንይዘውም በዚሁ በር ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግን በሩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ ካልሲየሙ ይጥለቀለቃል። ያን ጊዜ በሰላም ወራት ታሥረው የሚቀመጡ ፕሮቲን ቆራጭና ስብ ቆራጭ ኤንዛይሞች ይፈታሉ፤ ለሕዋሱ ኀይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የተባሉት ክፍሎች ካልሲየሙን ለመሰብሰብ ሲታገሉ ራሳቸው ይበላሻሉ። አንዳንዱ ሕዋስ በሰዓታት ውስጥ አብጦ ይፈነዳል። ሌላው መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ እንስሳውም ተነሥቶ መብላት ከጀመረ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሞታል።

ሕዋሳቱ ሁሉ እኩል አይሞቱም። በአንድ ምጣድ ላይ ከሚቆላው ቡና አንዱ ሲያርር ሌላው ገና ቡናማ እንደሚሆነው፣ በዚያው ትንሽ ሂፖካምፐስ ውስጥ አንደኛውና ሦስተኛው ክፍል ሲያልቁ በመካከላቸው ያለው ሁለተኛው ክፍል በብዛት ይተርፋል። ገና ያልጎለመሱ የዐይጥ ግልገሎችም ከአዋቂዎቹ ይልቅ የሕዋስ ሞትን ይቋቋማሉ። ይህ ማለት ግን ሕፃን ልጅ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም ማለት አይደለም፤ ሕዋሱ ሳይሞትም አንጎል ሊጎዳ ይችላልና።

ቡናው ያዳነውና ያላዳነው

ሌላው በላቦራቶሪ የተለመደው መንገድ ፓይሎካርፒን ነው፤ ይህም ከደቡብ አሜሪካ ቁጥቋጦ የሚገኝ፣ ለዐይን ሕክምና የሚያገለግል መድኃኒት ነው። በ1983 ቱርስኪና ጓደኞቹ በብዛት ለዐይጥ ሲሰጥ ለሰዓታት እንደሚያንቀጠቅጥ አሳዩ። እንግዳው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዐይጡ ይድናል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሮጣል። ቀናት፣ ብዙውን ጊዜም ሳምንታት ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳይሰጠው ይወድቃል፤ ከዚያም ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ይወድቃል። በዚያ ጸጥታ ወራት በሂፖካምፐሱ ውስጥ የሞቱት ሕዋሳት ቦታ ባዶ ሆኗል፤ የተረፉትም ነርቮች አዳዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው ከማይገባቸው ጎረቤት ጋር ተያይዘዋል።

እንግዲህ ሕዋሱን ከሞት ያዳነ በሽታውንም ያስቀረው ይመስላል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር፤ እስከምናገኘው የቡና ምርመራ ድረስ።

በጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና አለመጠየቅ አይቻልም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲን የሚባለውን የሰውነት ቅመም በማገድ ነው። አዴኖሲን ድካምና እንቅልፍ የሚያመጣ ብቻ ሳይሆን ሰውነት ራሱ የሚሠራው የመንቀጥቀጥ ማስታገሻ ጭምር ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ካፌይን የተሰጠው እንስሳ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያነበበ ሰው «የሚጥል በሽታ ላለበት ሦስተኛውን ስኒ አትስጡት» ሊል ይችላል። ነገር ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መውሰድ የተለየ ውጤት አለው። በ2003 ሪጉሎ፣ ኔሊግና ሌሎች የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ፣ ለዐይጦች ከፓይሎካርፒኑ አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ካፌይን ሰጥተው ነበር። መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ የነዚህ ዐይጦች ሂፖካምፐስ ካፌይን ካላገኙት ይልቅ በግልጽ ተርፎ ተገኘ። ሆኖም ዐይጦቹ በኋላ ጊዜ የሚጥል በሽታ ከመያዝ አልዳኑም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግመን አነበብነው። ሕዋሱ ተረፈ፤ በሽታው ግን መጣ። የሕዋስ ሞትና የሚጥል በሽታ አብረው የሚገኙ ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ብቸኛ እናት አይደለም ማለት ነው። ሶመር ካየው ጀምሮ የቆየው የዶሮና የእንቁላል ክርክር እንዳላለቀ ከዚህ ይታያል። በመጽሐፍ «ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ስለዚህም በሽታ ይፈጠራል» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈውን የሚሸመድድ ተማሪ እዚህ ላይ እርሳሱን አንሥቶ በኅዳጉ የጥያቄ ምልክት ቢያደርግ ደስ ይለናል። የአገራችን ሰው ቡና መጠጣቱ ከጉዳት ይጠብቀዋል ብሎ መደምደምም ከዐይጥ ወደ ሰው በአንድ እርምጃ መዝለል ነው፤ የፈረንሳዮቹ ዐይጦች ቡናን በዕጣን ጢስ አልጠጡም።

ደቂቃና መድኃኒት

የጤና መኮንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ምክንያትም ነበረው፤ ይህንንም ያገኘነው ከዐይጥ ነው። ዲያዜፓም የሚሠራው ጋባን በማገዝ ነው። ጋባ ደግሞ የሚሠራው በሕዋሱ ቆዳ ላይ ባሉት ተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ ነው። መንቀጥቀጡ በቆየ መጠን ሕዋሱ እነዚህን የጋባ ተቀባዮች ከቆዳው እያነሣ ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ የግሉታሜት ተቀባዮች ግን በቦታው ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲደርስ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ይቆያል። ካፑርና ማክዶናልድ በ1997 እንዳሳዩት፣ መንቀጥቀጥ በጀመረው በ10ኛው ደቂቃ ዐይጡን የሚያቆመው የዲያዜፓም መጠን በ45ኛው ደቂቃ ወደ ዐሥር እጥፍ ከፍ ይላል። በሰው ላይ ዐሥር እጥፍ መስጠት ትንፋሽ ማቆም ነው። በጤና ጣቢያው የመጀመሪያው መርፌ ለምን እንዳልሠራ እርግጠኛ ለመሆን አንችልም፤ ይህን ካነበብን በኋላ ግን በመንገድ ላይ የቆምንባቸው ደቂቃዎች አሳፈሩን።

በአዲስ አበባ በረጅም መንቀጥቀጥ ሆስፒታል ስለገቡ 119 ሕመምተኞች በ2008 የወጣ የኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጽሑፍ አለ፤ መነሻውንና ለሞት የሚያደርሱትን ነገሮች የመረመረ ነው፤ የሕክምና ተማሪ የሆነ ሁሉ ፈልጎ ቢያነበው ይጠቀማል። ከመነሻዎቹ መካከል በየትም አገር የታወቀው አንዱ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ከሚገኙት ውስጥም ነው። ነገር ግን ለለቀማ ሦስት ሳምንት ከቤቱ የሚርቅ ሰው የሦስት ሳምንት ኪኒን ይዞ እንዲሄድ የሚነግረው ያስፈልገዋል። በለቀማ ቦታ ያለ ካቦም ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

በመንገድ ላይ ለተገኘ ሰው የሚደረገው ነገር አጭር ነው። ከመውደቁ ጀምሮ ሰዓት ማየት፤ ከሚመታው ነገር ማራቅ፤ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ኮት ማድረግ፤ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ማስተኛት። በአፉ ማንኪያ፣ ውሃም ሆነ ኪኒን አለማስገባት፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ይታነቃልም። ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም፤ መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ሲያቆም ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል እንጂ። 5 ደቂቃ ከሞላ፣ ወይም ሳይነቃ ዳግመኛ ከጀመረው፣ መጠበቅ ቀርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማንቀሳቀስ።

ይህን ጽሑፍ እየጨረስን ሳለ ከመካከላችን ያ ስልክ የደወለው ጓደኛችን አንድ ነገር ትዝ አለው። ጓደኛው ባያነሣለትም የደወለበት ሰዓት በስልኩ ውስጥ ተመዝግቦ ኖሯል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ይላል። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደን ስንጠይቅ ወጣቱ በመዝገብ የገባበት ሰዓት 7 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ስልኩ የተደወለው ከወደቀ በኋላ፣ ክብሪቱም ከተጫረ በኋላ ነው። ስለዚህ 27 ደቂቃ ይበልጣል እንጂ አያንስም። የጤና መኮንኑ መዝገቡን አወጣና «ያልታወቀ» ተብሎ በተጻፈው ላይ መስመር አሰምሮ ቁጥሩን በላዩ ጻፈው።